መስመሩ ሳይበጠስ ጆይንቱ ይበሰብሳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጉዳዩ፦ በጤና ዓምዳችሁ ስለወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከሱሉልታ ነው። እንጦጦን ተሻግራችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ነፋሱ ጆሮ መቁረጥ የሚጀምርበት ቦታ። ጡረተኛ ነኝ። 31 ዓመት ሙሉ የስልክ ኬብል ስቀጥል ኖሬአለሁ። በእኛ አነጋገር «ጆይንተር» ይባላል፤ ማንሆል ውስጥ ወርዶ የተቆረጠ ኬብል የሚቀጥል ሰው ማለት ነው። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። እድሜዬን የጻፍኩት የሥራ ሪፖርት ነው። ይሄም ሪፖርት ሪፖርት ካላችሁ ታገሡኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የጤና ዓምዳችሁ ስለ አንጎል በሽታዎች ጽፎ ነበር። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። መርሳት ሁሉ እርጅና እንዳልሆነ ማስረዳቱ በጣም ጥሩ ነው። መሃል ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እነዚህ በሽታዎች የሚጀምሩት የነርቭ ሴሎች መሞት ሲጀምሩ ነው ትላለች። ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ደግሞ የፕሪዮን በሽታ ነው፤ በተጣመመ ፕሮቲን የሚመጣ የአንጎል በሽታ ማለት ነው። ሦስቴ አነበብኳት። ከዚያ ልጄን ጠርቼ አስነበብኳት። እሷ ባዮሎጂ ተምራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። «አባዬ፣ ይሄማ ልክ አይደለም» አለችኝ። እኔም ልክ እንዳልሆነ አውቄአለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ጎረቤት ክርስትና ተጠርተናል። ባለቤቴ ለባብሳ ከጓዳ ወጣች። ሳያት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ክው አልኩ። «ማን ሞተ?» አልኳት። «ኧረ ማንም» አለች። «ታዲያ ነጠላሽን ምን አዘቀዘቀው?» ጎንበስ ብላ ጥለቱን አየችው። አየችው እንጂ አልገባትም።

ይቺ ሴት ጥለት ስትጠልፍ የኖረች ናት። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ነጠላ የምታስተካክለው እሷ ነበረች። ለደስታ የቱ፣ ለቤተ ክርስቲያን የቱ፣ ለለቅሶ የቱ እንደሆነ እኔን ራሴን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አስተካከልኩላትና ሄድን። በላን፣ ጠጣን፣ ተመለስን። እንዲያውም ስንስቅባት አመሸን። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ሐምሌ ላይ አልጋ ማንጠፍ ተወች። በር ላይ ያለው ምንጣፍ ትንሽ ከተጣመመ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት፣ የተዘረከረከ ቤት መሃል ቁጭ ብላ ትውላለች። ቡናውን ታፈላና መቅዳቱን ትረሳለች። ግቢው ውስጥ ስትሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። «መሬቱ ዘንበል ብሏል» ትለኛለች። ቀኑን ግን ታውቃለች። የእቁቡን ብር አንድ ሳትሳሳት ትቆጥራለች። የልጅ ልጆቿን የልደት ቀን አንድ በአንድ ትጠራለች። እኔን ግራ ያጋባኝ ይሄ ነበር። ሐኪሙንም ግራ ያጋባው ይሄው ነው መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ። ሦስቴም ቀኑን ጠየቋት፣ የት እንዳለች ጠየቋት፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰሽ ቁጠሪ አሏት። ሁሉንም መለሰች። «ጭንቀት ነው» ተባልን። ቫይታሚን ይዘን ተመለስን።

«እኔ የማውቃት ሴት አይደለችም» ብዬ ተናግሬአለሁ። ወረቀት ላይ የጻፈው የለም። ፀበልም ሄደናል፤ እንጦጦ ቅርባችን ነው። ስለ ፀበሉ ቅሬታ የለኝም። እዚያ ቢያንስ ሰው ቁጭ ብሎ ሰምቶናል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጇ ድንገት እየዘለለ ያስቸግራት ጀመር። በር ድው ሲል ሰውነቷ ሁሉ ይደነግጣል። ያኔ ከተማ ወርደን አንድ የነርቭ ሐኪም አየናት። እሱ አዳመጠ። ኤምአርአይ አዘዘ፣ የአንጎሏን ኤሌክትሪክም አስለካ። ከዚያ እኔንና ልጄን ለብቻችን ጠርቶ በጣም በቀስታ ነገረን። ክሮይትስፌልት–ያኮብ የሚባል በሽታ ይመስላል አለ። የፕሪዮን በሽታ ነው። «ይመስላል» ያለው እርግጡ የሚታወቀው የአንጎሉ ሥጋ ሲመረመር ስለሆነ ነው። እኛ አላስመረመርንም። ኅዳር ላይ፣ ለጽዮን ሁለት ቀን ሲቀረው አረፈች። ከነጠላው እስከ ቀብሩ ስድስት ወር አልሞላም። በዚህ በሽታ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ዓመት አይደፍንም።

ከአርባው በኋላ ሥራ ፈታሁ። ልጄን «ይሄ ነገር ምንድን ነው? አንብቢና በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ማታ ማታ እያነበበች ትነግረኛለች፣ እኔም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እነሆ ከደብተሩ።

ፕሪዮን ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ ፕሮቲን ነው። ስሙን ያወጣለት ስታንሊ ፕሩሲነር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ብዙ ሳይንቲስት ሳቀበት። በ1997 የኖቤል ሽልማት ሰጡት። ፕሮቲኑ በእያንዳንዳችን አንጎል ውስጥ አለ፣ ጤነኛ ነው። በሽታ የሚሆነው አጣጠፉ ሲበላሽ ነው። አንዱ ተሳስቶ ይታጠፋል፣ ጎኑ ያለውን እንደ ራሱ ያጣምመዋል፣ ያኛውም ሌላውን። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ተነስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ነጠላው ያው ነጠላ ነው፤ ፈትሉ ያው፣ ጥለቱ ያው። የተቀየረው አደራረጉ ብቻ ነው። አንዱ ሠርግ ነው፣ አንዱ ለቅሶ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገራችሁ ልምጣ።

አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ በብዙ ሺህ ቦታ ከሌሎች ጋር ይገናኛል። መገናኛው ሲናፕስ ይባላል። እኔ «ጆይንት» እለዋለሁ፣ ልጄ እየሳቀች ትፈቅድልኛለች። ልዩነት ግን አለው። እኔ የምቀጥለው ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፤ እዚያ ግን አይነካካም። መሃሉ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳ ሺህኛ የምታህል ክፍተት አለች። ላኪው ጫፍ በትናንሽ ከረጢት ያዘጋጀውን ኬሚካል ይለቃል፣ ተቀባዩ ጫፍ ይቀበላል። ነጠላ ማዘቅዘቅና ማስተካከልን የሚለየው፣ እግር መሬቱን የሚያምነው፣ ሁሉም በዚህች ክፍተት በኩል ነው።

በሥራዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ደንበኛው «ስልኬ ሞተ» ብሎ ሲደውል ብልሽቱ የጀመረው ያን ቀን አይደለም። ከወር በፊት ጀምሯል። መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ይጮኻል። ቀጥሎ የሌላ ሰው ወሬ ይገባል። ቶን አለ፤ መስመሩ ይለካል፣ ደህና ነው ይባላል። ማንሆሉን ስትከፍቱ ኬብሉ ምንም አልሆነም፣ ጆይንቱ ውስጥ ግን ውሃ ገብቷል። ሽቦው አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። በጊዜ ከደረሳችሁ አድርቃችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ እንደገና ትቀጥላላችሁ። ካልደረሳችሁ ዝገቱ ሽቦውን ይዞ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ያኔ መቁረጥ ነው።

የፕሪዮን በሽታም እንደዚያ ነው። ይህን የማወቅ ዕድል የተገኘው ከአይጥ ነው። የሰው አንጎል ገና ሳይታመም ከፍቶ ማየት አይቻልማ። እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በበግ በሽታ የተጀመረ አንድ የፕሪዮን ዝርያ አይጦች አንጎል ውስጥ፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው ቦታ ላይ አስገቡ። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር የምንይዝበት ቦታ ነው። ከዚያ ዝም ብለው አይጦቹን አዩ፤ ኑሯቸውን ነው ያዩት። ጤነኛ አይጥ ሁለት ነገር ሳትሠራ አታድርም። ቱቦ ውስጥ መኖ ሞልተው ቢሰጧት ሌሊቱን ስታወጣ ታድራለች፤ መቆፈር ነው ነገሯ። ጥጥ ነገር ከሰጧት ደግሞ ጎጆ ትሠራለች። የታመሙት አይጦች ከ12ኛውና 13ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ መቆፈሩን ቀነሱ፣ ጎጆውንም እንደ ነገሩ አደረጉት። ሰውነታቸው ደህና ነው። ይሮጣሉ፣ ይበላሉ። ያየ ሰው ታመዋል አይልም። የሚታይ ሕመም የመጣው ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ነው።

ልጄ «ጎጆዋን መሥራት ትተዋለች» ስትል እኔም እሷም ዝም አልን። ያልተነጠፈው አልጋ በሁለታችንም ዓይን ላይ ነበር። ሰውና አይጥ አንድ አይደለም፣ አውቃለሁ። የባለቤቴን አንጎልም ማንም ከፍቶ አላየውም። ግን ዝም አልን።

በዚያ ሰዓት የአይጦቹ አንጎል ሲታይ ሴሎቹ በቦታቸው አሉ። ተቆጠሩ፣ አልጎደሉም። የጎደለው ላኪው ጫፍ ላይ የሚገኝ ሌላ ፕሮቲን ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ደግሞ ቀድሞ የሚበላሸው ላኪው ጫፍ ሆኖ ተገኘ። ከረጢቶቹ ይጠፋሉ፣ ውስጡ ይጠቁራል። ተቀባዩ ጫፍ የተበላሸውን ጫፍ እየከበበ፣ እየታጠፈበት ይውጠዋል። አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጽዳት ሠራተኞች አሉ፤ ጥርጣሬው እነሱ ጆይንቱን ይበሉታል የሚል ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ግን እጃቸው አልተገኘም። እነሱ እዚያው ነቅተው ቆመዋል፣ ሥራው ግን በነርቭ ሴሎቹ መሃል ነው የሚያልቀው። ሴሎቹ መሞት የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዓምዳችሁ «መጀመሪያ» ያለው ነገር በደብተሬ ላይ መጨረሻው ነው።

«ቢቀድም ባይቀድም ምን ለውጥ አለው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለውጥ አለው። ያ ሲጣመም ፕሪዮን የሚሆነው ፕሮቲን ጭራሽ የሌላቸው አይጦች ፕሪዮን ቢወጉም እንደማይታመሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ታውቋል። በ2003 ጆቫና ማሉቺ የምትባል ሐኪምና ባልደረቦቿ ለንደን ላይ ከዚያ የበለጠ ነገር አደረጉ። አይጦቹ ታመዋል። አንጎላቸው እንደ ስፖንጅ መቦርቦር ጀምሯል። ሴሎቹ ግን ገና አልሞቱም። በዚህ ጊዜ ከነርቭ ሴሎቹ ውስጥ ፕሮቲኑ እንዲጠፋ አደረጉ። ብርብሩ ጠፋ። አይጦቹ ኖሩ። በ2007 ደግሞ ጠባያቸውን አዩ። አዲስ ዕቃ ከአሮጌ ዕቃ መለየት ትተው የነበሩት እንደገና ለዩ። መቆፈሩም ተመለሰ። ጆይንቱ ደርቆ ተጠግኗል ማለት ነው።

ቡድኑ በ2012 ደግሞ ጆይንቱ ለምን እንደሚራብ አሳየ። ጠማማው ፕሮቲን ሲከማች ሴሉ ይደነግጥና ፕሮቲን የማምረት ሥራውን ፍሬን ይይዛል። ይሄ ለአጭር ጊዜ መድኃኒት ነው። ፍሬኑ ተይዞ ሲቀር ግን ሲናፕሱ የሚታደስበት ዕቃ ያልቅበታል። ሁሌ መታደስ የሚፈልግ ነገር ነውና ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ወጣ ልበልና፣ አንዱ ሥራቸው እኛን ብርደኞቹን ይመለከታል። ክረምቱን ተኝተው የሚያሳልፉ እንስሳት ሰውነታቸው ሲቀዘቅዝ ሲናፕሶቻቸውን ያፈርሳሉ፣ ሲሞቁ መልሰው ይሠራሉ። ጤነኛ አይጥም ሲያቀዘቅዟትና ሲያሞቋት እንደዚያው ታደርጋለች። በፕሪዮን የተያዘችው አይጥ ማፍረሱን ትችላለች፣ መልሳ መሥራቱን አትችልም። የ2015 ግኝት ነው። በብርድ ጊዜ የሚበዛ አርቢኤም3 የሚባል ፕሮቲን ሲጨምሩላት የመሥራት አቅሟ ቆየላት። የሱሉልታ ብርድ ለአንጎል ጥሩ ነው አላልኩም። ልጄ ይህን አስምረህ ጻፍ ብላኛለች።

ለሰው የተገኘ ፈውስ የለም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ አንባቢ ተስፋ አድርጎ ስልክ እንዳይደውልላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ስድስት ሕሙማን ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ፕሮቲኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተሰጥቷቸው ነበር፤ አልተረፉም። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሰውነት ፕሮቲኑን እንዳያመርት የሚከለክል መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ተጀምሯል። ሐሳቡ የመጣው ከእነዚያ አይጦች ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ቢሳካ እንኳን የሚጠቅመው በጊዜ ለደረሰ ሰው ነው። በጊዜ መድረስ ደግሞ «ጭንቀት ነው» ከሚል መልስ ጋር አይሄድም። ሐኪሞቹን ልወቅስ አይደለም። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት የሚይዝ በሽታ ነው፤ ስንቱ ሐኪም አንድም ሳያይ ጡረታ ይወጣል። በደፈናው ካሰላነው ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር በዓመት መቶና ከዚያ በላይ ሰው ነው። ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ፣ በሽታው ደግሞ ስልሳ ዓመት አካባቢና ከዚያ በላይ ያሉትን ስለሚያዘወትር፣ ያንስ ይሆናል። ከጭንቀት፣ ከዛርና ከስትሮክ ስም ሥር ስንቱ እንደተቀበረ እንጃ።

ሌላው ጉዳይ ደግሞ የሰፈሬ ነው።

የበሽታው ስም እንደተሰማ አንዱ ብልህ ስልኩ ላይ ፈልጎ «የእብድ ላም በሽታ ነው» ብሎ አወራ። በሦስት ቀን ውስጥ ግቢያችን ጭር አለ። ሃያ ዓመት ቡና ከኛ ጋር የጠጣች ጎረቤት በር ላይ ቆማ «እንዴት አደረች?» ብላ መሄድ ጀመረች። ሲኒ ስንሰጣት «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁ» ትላለች። ባለቤቴ ያኔ ገና ይገባት ነበር። ቀብር ላይም የሚያጥብ ጠፍቶ ልጄና እህቷ ናቸው ያጠቧት።

ስለዚህ ይህንንም ጻፉልን። በሽታው በሲኒ፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በማስታመም አይተላለፍም። ከመቶው ሕሙማን ሰማንያ አምስት ያህሉ የሚታወቅ መነሻ ሳይኖረው በራሱ የሚመጣ ነው። አሥር፣ አሥራ አምስቱ ከዘር ነው። በሕክምና መሣሪያ የተላለፈበት ጊዜ አለ፣ በጣም ጥቂት ነው፤ ፕሪዮን ተራ መቀቀል ስለማይገድለው የቀዶ ሕክምና ዕቃ ልዩ አያያዝ ይፈልጋል። የእብድ ላም በሽታው ሌላ ታሪክ ነው። እንግሊዞች ለከብቶቻቸው የከብት ሥጋና አጥንት ዱቄት መኖ ሰጧቸው። በሽታው በ1986 ታወቀ፣ ሰው ላይ መድረሱ በ1996 ተነገረ፣ እዚያ አገር 178 ሰው ገደለ። ባለቤቴን የያዘው ያ አይደለም። ጥሬ ሥጋ አትወድም ነበር እንኳን። (እኔ እወዳለሁ። ኮሶ እንደሚያመጣ አልክድም።)

እርግጥ ከብትና ግመል አርቢ አገር ነንና ዓይናችን መከፈቱ አይከፋም። በ2018 አልጄሪያ ውስጥ ዋርግላ በሚባል ቦታ ቄራ የሚመጡ ግመሎች ላይ የፕሪዮን በሽታ ተገኝቷል። ይህን የሚጽፍ ጋዜጠኛ ካላችሁ ለአንድ ሙሉ ገጽ ይበቃዋል። ሰበታ ወርዶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማነጋገር ነው፤ ታክሲ ሁለቴ ቢቀይር ይደርሳል።

የምጠይቃችሁ ማረሚያ ነው። «በፕሪዮን በሽታ ቀድሞ የሚጎዳው የነርቭ ሴሎች መገናኛ ነው፤ የሴሎቹ ሞት ተከትሎ ይመጣል» ብትሉ ይበቃኛል። ከሥሩ «በሲኒ አይተላለፍም» የምትለዋን ጨምሩልኝ። እባካችሁ ከጨረታ ማስታወቂያው ጥግ በደቃቅ ፊደል አታድርጉት። ልጄ ቆርጣ ለዚያች ጎረቤታችን ልታነብላት ነው፣ የሴትየዋ መነጽር ደግሞ ከተሰበረ ሰንብቷል።

ከአክብሮት ጋር
ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይ
ሱሉልታ